ሞራ ገላጭ

ከሰባት ሰዓት ወዲያ ከዚራ ሲያንቀላፋ፣
የኒሙ ጥላ እንኳ ላቡን እየተፋ፣
ቶፊቅ ገባ ከጉምሩክ፣ ስልኩን እንደ ጫጩት
በሁለት መዳፉ አቅፎ፤ «ጋሽ ምናሴ፣ ይዩት!
ሦስት ድንጋይ መረጥኩ፣ ከባሕር ማዶ ናቸው፤
ለፈርዶሳ ጣት ነው፤ የቱ ነው ደኅናቸው?»

በጥቁር ባዶ ላይ ይሾራል ብቻውን፤
ጣት ያልዳሰሰውን፣ ሚዛን ያላየውን
አልማዝ ነው አለኝ ቶፊቅ። ስልኩን አስጠጋሁት፤
ጉም ነበር። በጉሙ ውስጥ ጭላንጭል አየሁት።

ለሰው አልተናገርኩም። ባለፈው ድል ጮራ
ሐኪሟ ባትሪ አብርታ ያየችው፦ ሞራ።
ሳቅኩኝ። እኔ ነኝ እኮ አርባ ዓመት በሙሉ
ሞራ ገላጭ የነበርኩ፤ የበግ እንዳይሉ፣
የድንጋይ፤ ሆድ ዕቃውን ገልጬ ያነበብኩ፣
የሙሴ ክሪኮርን መነጽር የወረስኩ።
የዛሬን አያድርገውና፣
ከጨው ፍንካች ያነሰች ጉድፍ አታመልጠኝም ነበር።

«ሂንዲያ፣ ነይ» አልኳት፣
ጥፍሯ በብር ብናኝ የጠቆረ ተማሪዬን።
«ዓይንሽን አበድሪኝ።
በሁለት ጣት ለጥጪው፤ አትቸኩዪ፤
ከላይ ካለው ሜዳ፣ ከገበታው ጀምሪ።»

«ጥቁር ነጥብ አለ።»
«መሐል ነው ዳር?»
«መሐል።»
«ስንት ነው?»
ዝም አለች፤ ቆጠረች።
«አንድ ነበር። ሲዞር ስድስት ሆነ።»
«አንድ ነው። ግድግዳው እያስተጋባው ነው።
መስታወት ቤት የገባች ዝንብ መንጋ ናት፤
እለፊው።»

«ሁለተኛው ንጹሕ ነው! ምንም የለበትም!»
ቶፊቅ ፊቱ በራ፤ ክብደቱ ይበልጣል፣ ዋጋው ደግሞ ቀንሷል።
«ንጹሕ ከረከሰ ጎኑን ጠይቂው» አልኩ።
«ጎኑ… ሆዱ ወርዷል፤ ሥሩ ወፍራም ነው።»
«ካራቱን የበላው እሱ ነው፣ ቶፊቅ፤
ጣት ላይ ሲወጣ ለማይታይ ቦርጭ ልትከፍል ነው።
መሐሉስ?»
«ጠቆር ይላል፤ እንደ ምስማር ራስ።»
«ብርሃኑ በደረቱ ይገባል፣ በጀርባው ይፈሳል።
ደቻቱን አታውቂውም? ማታ ያን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ
ጠዋት ስትሄጂ አሸዋ ነው የሚሰጥሽ።
ብርሃን የተቀበለ መመለስ አለበት፤
ጠራቢው ግን ክብደት ሳስቶ፣ ልኩን አሳለፈበት።»

ሦስተኛው ላይ ድምጿ ተለወጠ።
«ይሄኛው አመለኛ ነው፣ ጋሽዬ።
ያዝኩት ስል ይሸሻል፤
እሳቱ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ይወርዳል፣
ደግሞ ተመልሶ…»
«ተይ። እንከኑን ንገሪኝ።»
«ዳር ላይ ላባ የመሰለ፤ ነጭ ስንጥቅ።»
«ወገቡን ነክቷል?»
«ልየው… አልነካም። አልነካም።»
«እንግዲያው ጥፍሩን እዚያ ላይ እናስቀምጣለን፤
የቀለበት ጥፍር ለዚህ አይደል የሚሠራው?

አንተ ደግሞ ጻፍላቸው፤
በመስኮት ብርሃን ያሳዩህ፣ በሱቅ አምፖል አይደለም፤
በሱቅ አምፖልማ የጠርሙስ ስባሪም ሙሽራ ነው።
ካልሆነ የምትመልስበት ቀን ይቆረጥ።
ሲደርስ፣ ሰርተፊኬቱ ላይ የተሳለችውን ላባ
ሂንዲያ ድንጋዩ ውስጥ ትፈልጋት፤
ካገኘቻት ያው እሱ ነው።
ሰውስ ሲጠፋ በጠባሳው አይደል የሚፈለግ?»

«እርስዎስ?» አለ ቶፊቅ። «እርስዎ አያዩትም?»
ስልኩን ገፋ አደረገልኝ።
እጄ ልማዱን አልረሳም፤
የሙሴ ክሪኮርን መነጽር አንሥቶ ዓይኔ ላይ ደገነው።
ወተት። ወተቱ ውስጥ የራሴ ሽፋሽፍት።
«ጥሩ ነው» አልኩ። «አየሁት።»

እሱ እየሮጠ ወጣ፣ ባጃጁን አስነሣ።
ሂንዲያ መነጽሩን ከእጄ ተቀብላ
በሻሿ ጫፍ ጠረገችው፤
ንጹሑን፣ ደግማ ጠረገችው፣
በብርሃን አየችው፣ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው።
ቀና ሳትል፣ ሚዛኑን የምታስተካክል መስላ፣
«ጋሽዬ» አለችኝ፣
«መሐል ነው ዳር?»

«መሐል» አልኳት።
«ሲዞር ስድስት።»